ጃርቶቹን ማን ሸጣቸው?

[ካንሳስ፤ ካልደር የምትባል ትንሽ የኮሌጅ ከተማ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ሊሆን ነው። የኮሌጁ አስተዳደር ኮሪደር ውስጥ፣ ከተዘጋ ትልቅ በር ፊት ለፊት፣ አንድ አግዳሚ ወንበር አለ። ከበሩ ወዲያ የኮሌጁ ቦርድ ተሰብስቧል፤ «ጃርቶቹ» የሚባለውን የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ከኖረበት ሊግ አውጥቶ ሩቅ ወዳለ ሀብታም ሊግ ለማዛወር ዛሬ ድምፅ ይሰጣል። ከዚያ በፊት መናገር ለሚፈልግ ነዋሪ ሦስት ሦስት ደቂቃ ተፈቅዷል። ሮስኮ፣ ጡረታ የወጣ የኢንሹራንስ ሻጭ፣ ንግግሩን በወረቀት ይዟል። ዴልበርት፣ አሳማ አርቢ፣ ሊያጅበው መጥቷል። ራሱ ላይ ዙሪያውን እሾህ የተሰካበትን የቡድኑን ኮፍያ አድርጓል።]

ሮስኮ፦ አውልቀው አልኩህ!

ዴልበርት፦ አላወልቅም።

ሮስኮ፦ ሰውዬ፣ ቦርድ ፊት እኮ ነው የምንቀርበው! ከተቀመጥን ጀምሮ ሁለቴ ጆሮዬን ወግተኸኛል።

ዴልበርት፦ አንተ ነህ የተጠጋኸኝ። ደሞ ስለ ጃርት ልንናገር መጥተን ጃርት አውልቅ ትለኛለህ።

ሮስኮ፦ «ልንናገር» አትበል። የምናገረው እኔ ነኝ። አንተ ታጨበጭባለህ።

ዴልበርት፦ መቼ?

ሮስኮ፦ ስጨርስ ነዋ!

ዴልበርት፦ መጨረስህን በምን አውቃለሁ? ባለፈው ማርቪን ፀጉር ቤት ጨረስክ ብዬ ስነሳ፣ «ተቀመጥ፣ ገና መግቢያው ነው» አልከኝ። ማርቪን እንኳ ግማሽ ጢሜን ላጭቶ ምሳ ሄደ።

ሮስኮ፦ (ጉሮሮውን እየጠረገ) ዝም በልና ስማ። «የተከበራችሁ የቦርድ አባላት! ዛሬ እዚህ የቆምኩት አንድ ጥያቄ ይዤ ነው። ጃርቶቻችንን ማን ሸጣቸው?» እዚህ ላይ ጣቴን እቀስራለሁ።

ዴልበርት፦ ወደ ማን?

ሮስኮ፦ ወደ... እሱ ገና ነው። ለጊዜው መቀሰሩ ነው ዋናው።

ዴልበርት፦ ከፊት የምትቀመጠው ወይዘሮ ሂልዳ ናት። ልቧ ደካማ ነው፤ እንዳታስደነግጣት።

ሮስኮ፦ ኮርኒሱ ላይ እቀስራለሁ በቃ! «ይህ ሁሉ መዓት የመጣው ከአንድ ቦታ ነው። ከቴሌቪዥን!»

ዴልበርት፦ የእኔማ ከተበላሸ ስድስት ዓመቱ ነው።

ሮስኮ፦ ስላንተ ቴሌቪዥን ማን አወራ? ስለ ቴሌቪዥን ገንዘብ ነው የማወራው! ወይ አምላኬ። እሺ፣ ቀስ ብዬ ላስረዳህ። ቴሌቪዥኑ ጨዋታውን ለማሳየት ለማን ይከፍላል?

ዴልበርት፦ ለተጫዋቾቹ።

ሮስኮ፦ ለሊጉ! ሊጉ ደግሞ ለኮሌጆቹ ያካፍላል። እኛ አሁን ያለንበት «ስምንቱ ሊግ» በዓመት አራት ሚሊዮን ዶላር ነው የሚያደርሰን።

ዴልበርት፦ ስምንቱ ሊግ ውስጥ ስንት ነን?

ሮስኮ፦ አሥራ አንድ።

ዴልበርት፦ (ጥቂት አስቦ) ሦስቱ እንግዳ ናቸው?

ሮስኮ፦ ስም ነው፣ ስም! ድሮ ስምንት ነበሩ፣ ከዚያ አሥራ አራት ሆኑ፣ ከዚያ አምስቱ ወጡ፣ ሁለት ገቡ...

ዴልበርት፦ አሳማዎቼን እንደዚህ ብቆጥር ኖሮ ይሄኔ ለማኝ ነበርኩ።

ሮስኮ፦ አሁን የጠራን ሊግ ግን ለእያንዳንዱ ኮሌጅ ሠላሳ ሚሊዮን ይሰጣል። ሠላሳ! «የውቅያኖስ ዳርቻ ሊግ» ይባላል።

ዴልበርት፦ እኛ ካንሳስ ነን።

ሮስኮ፦ አውቃለሁ።

ዴልበርት፦ ያለን ውሃ የሆስቴተር ኩሬ ነው። እሷም ነሐሴ ላይ ዳክዬዎቹን ጭቃ ላይ ጥላ ትጠፋለች።

ሮስኮ፦ ውሃ አያስፈልግም! ስሙን ተወው። ቁም ነገሩ የቮሊቦል ልጆቻችን ማክሰኞ ማታ ለመጫወት ሁለት አውሮፕላን ቀይረው ሊሄዱ ነው፣ ረቡዕ ጠዋት ደግሞ ፈተና አላቸው። ይሄንን ነው የምነግራቸው! ፍርድ ነው ይሄ?

ዴልበርት፦ ምስኪን ልጆች። ግን እኛን ምን ብሎ ጠራን? እኛ እኮ ምንም አይደለንም። አምና ከተጫወትነው ሦስቱን ነው ያሸነፍነው፤ አንዱ ሌላው ቡድን አውቶቡስ ተበላሽቶበት ቀርቶ ነው።

ሮስኮ፦ ማሸነፍ መሸነፉን ማን ያየዋል! ቴሌቪዥን የሚፈልገው ገበያ ነው።

ዴልበርት፦ ገበያማ አለን። ቅዳሜ ቅዳሜ አደባባዩ ላይ፤ በቆሎ፣ ቲማቲም፣ የባለቤቴ የኮክ ማርማላታ...

ሮስኮ፦ የዚህን ዓይነት ገበያ አይደለም! ገበያ ማለት ሰው ነው።

ዴልበርት፦ ሰውማ ይሞላል። መኪና ማቆሚያ የለም እኮ ቅዳሜ።

ሮስኮ፦ ቤቱ ተቀምጦ ቴሌቪዥን የሚያይ ሰው! ማስታወቂያ የሚያይ! ቢራ፣ መኪና፣ የጀርባ ቅባት የሚሸጥለት! ገባህ? ያንን ማስታወቂያ ለማስገባት ነው ጨዋታውን በየአምስት ደቂቃው የሚያቆሙት። ሜዳው ዳር ቀይ ጓንት አድርጎ የሚቆመውን ሰውዬ አይተኸዋል?

ዴልበርት፦ ዋናውን ዳኛ?

ሮስኮ፦ የምን ዋና ዳኛ! የቴሌቪዥን ሠራተኛ ነው። እጁን ዘርግቶ ሜዳ ከገባ ማስታወቂያ ላይ ናቸው ማለት ነው፤ እጁን አጣጥፎ እስኪወጣ ድረስ ማንም አይንቀሳቀስም።

ዴልበርት፦ እንዴ! (ክው ብሎ) እኔ እኮ ያንን ሰውዬ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰድቤዋለሁ! «አንተ ዕውር፣ ምን አጥፍተው ነው የምታስቆማቸው!» እያልኩ። አንድ ጊዜ እናቱንም ጨምሬያለሁ። አቤት፣ ይቅር ይበለኝ።

ሮስኮ፦ አይ፣ ደህና አድርገሃል። እሱ ይገባዋል።

ዴልበርት፦ ሮስኮ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያንተን ንግግር ሰምተው ሐሳባቸውን ይቀይራሉ?

ሮስኮ፦ ካልቀየሩማ የባልዲው ጨዋታ አከተመ። ከማርሎ ኮሌጅ ጋር ዘጠና አንድ ዓመት ተጫውተናል፤ ሠላሳ ማይል ነው ያለው መሀላችን። በአዲሱ ሊግ ፕሮግራም ግን ለማርሎ የተተወ ቀን የለም። ያቺ እንደ ዋንጫ የምንፋለምባት የዛገች ባልዲም አሸናፊ ቤት መግባቷ ቀርቶ ሙዚየም ትገባለች።

ዴልበርት፦ (ዝቅ ባለ ድምፅ) ወንድሜ ማርሎ ነው ያለው።

ሮስኮ፦ ላይልን አውቀዋለሁ። የማርሎ ደጋፊ ነው፤ እግዜር ይቅር ይበለው።

ዴልበርት፦ አባታችን ከሞተ በኋላ በመሬቱ ተጣላን። እሱ ይሸጥ አለ፣ እኔ አይሸጥም አልኩ። ከዚያ ወዲህ ገናም ቢሆን ደውሎልኝ አያውቅም፤ እኔም አልደውልም። በባልዲው ቀን ግን ይመጣል። ጎን ለጎን እንቀመጣለን። እሱ ጃርቶቹን ይሰድባል፣ እኔ ማርሎን እሰድባለሁ፣ መሬቱ ትዝም አይለን። ማታ ቤቴ ራቱን በልቶ፣ የተሸነፈው ሰሃን አጥቦ፣ ተሳስቀን ይሄዳል። በዓመት አንዲት ቀን ናት ያለችኝ። እሷ ከቀረች ወንድሜን የማገኘው በቀብር ነው፤ ወይ በሱ፣ ወይ በእኔ።

ሮስኮ፦ (አፍንጫውን እየጠረገ) አንተ ሰው፣ ይሄን እኮ ንግግሬ ውስጥ ላስገባው እችላለሁ። እኔ ወንድም የለኝም፣ ግን የራሴ አስመስዬ...

ዴልበርት፦ ተወው ባክህ። የራሴን ወንድም ለእኔ ተውልኝ።

[በሩ ገርበብ ይላል። ጸሐፊዋ ወይዘሮ ግላዲስ ብቅ ብላ አንዳንድ ገጽ ወረቀት ታድላቸዋለች።]

ጸሐፊዋ፦ ቦርዱ ዝውውሩን ለምን እንደሚደግፍ የሚያስረዳ ነው። ተራ ቁጥር አምስት እየተናገረ ነው፤ ተዘጋጁ።

[ትገባለች። ሮስኮ መነጽሩን አድርጎ ያነባል።]

ሮስኮ፦ «የቴሌቪዥን ድርጅቱ ባካሄደው ጥናት...» ይኸው! አላልኩህም? «...ባካሄደው ጥናት፣ ካልደር ጃርቶች በኒው ጀርሲ ያላቸው ተወዳጅነት እጅግ አስገራሚ ሆኖ ተገኝቷል። ብሪክስቢ በምትባል ከተማ ብቻ አራት ሺህ አንድ መቶ ቤተሰቦች እያንዳንዱን የጃርቶች ጨዋታ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይከታተላሉ...»

ዴልበርት፦ እስከ መጨረሻ? እኔም እስከ መጨረሻ አልቀመጥም።

ሮስኮ፦ ስማ! «...በዚህም የተነሳ የውቅያኖስ ዳርቻ ሊግ የኒው ጀርሲን ገበያ ለመያዝ ካልደርን ጋብዟል።» (ወረቀቱን ጭኑ ላይ ይመታል) አገኘኋቸው! ዴልበርት፣ አገኘኋቸው!

ዴልበርት፦ ማንን?

ሮስኮ፦ የሸጡንን ነዋ! ብሪክስቢዎች! ሺህ ማይል ርቀው ሶፋ ላይ ተጋድመው ቡድናችንን የነጠቁን እነሱ ናቸው! በል እስክሪብቶ ስጠኝ። (ይጽፋል) «እናንተ የብሪክስቢ ሰዎች! ጃርት በዓይናችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ካልደር በምሥራቅ ትሁን በምዕራብ ታውቃላችሁ? ምን አግብቷችሁ ነው በእኛ ቡድን የምትገቡት?» ጣቴን የምቀስርበት ተገኘ!

ዴልበርት፦ ወደ ምሥራቅ ቀስር እንግዲህ። በመስኮቱ በኩል ነው። ግን ሮስኮ...

ሮስኮ፦ አታቋርጠኝ፣ መጥቶልኛል።

ዴልበርት፦ ልጅህ ዌንዲ ያለችው ብሪክስቢ አይደል እንዴ?

ሮስኮ፦ አዎ፣ ነርስ ናት እዚያ። ምነው?

ዴልበርት፦ እነዚህን አራት ሺህ ሰዎች ታውቃቸው እንደሆነ ብትጠይቃት።

ሮስኮ፦ ዌንዲ? ፉትቦል የሚባል ነገር ዓይኑን አያሳያት! እኔም በገና ሄጄ አሥር ቀን ተቀምጫለሁ። የጃርት ኮፍያ ያደረገ አንድ ሰው አላየሁም። ያኔማ የኔን ኮፍያ ያየች አሮጊት ፖሊስ ልትጠራ ነበር።

ዴልበርት፦ አራት ሺህ ቤት ሙሉ ሰው ተደብቆ ነው የሚያየው ማለት ነው?

ሮስኮ፦ እኔስ ምን አውቄ! የምሥራቅ ሰው ድብቅ ነው።

ዴልበርት፦ እኔ ደግሞ ያልገባኝ፣ እነሱ እዚያ ሆነው ያያሉ፤ እኛ አገር ግን ተዘግቷል ሲል ሰምቻለሁ በሬዲዮ።

ሮስኮ፦ እሱማ እውነት ነው። ስታዲየም ገብታችሁ እዩ ብለው የእኛን ጨዋታ ካንሳስ ውስጥ በቴሌቪዥን ይዘጉታል። በሌላ ስቴት ብቻ ነው የሚታየው።

ዴልበርት፦ አንተ ግን ስታዲየም ገብተህ አታውቅም። ወገቤን ትላለህ።

ሮስኮ፦ (በኩራት ፈገግ ብሎ) እኔን ማን ይዘጋብኛል? ሮስኮ ቲልደንን? ሠላሳ አራት ዓመት ኢንሹራንስ ሸጫለሁ፤ ፎርም የሚባል ነገር በየት ቀዳዳ እንደሚገባበት አውቃለሁ! ለቴሌቪዥኑ ስትመዘገብ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚጠይቅህ፤ የሰፈርህን የፖስታ ቁጥር። በሱ ነው የምትኖርበትን የሚያውቀው። ካንሳስ ካልክ ይዘጋብሃል። ስለዚህ እኔ የካንሳሱን አልጻፍኩም።

ዴልበርት፦ የየት ጻፍክ?

ሮስኮ፦ የዌንዲን ቤት ነዋ! በቃሌ ከማውቃቸው ቁጥሮች አንዱ ነው፤ ለልደቷ ካርድ ስልክላት።

ዴልበርት፦ ስለዚህ ቴሌቪዥኑ ዌንዲ ቤት ያለህ ይመስለዋል።

ሮስኮ፦ ይመስለዋል፣ ደደቡ! (ይስቃል) እኔ እዚህ ሶፋዬ ላይ እግሬን ሰቅዬ፣ እሱ ኒው ጀርሲ አለ ይለኛል! ከዘጠኝ ዓመት በፊት ነው የጀመርኩት። አንድ ቀን እንኳ አልነቃብኝም።

ዴልበርት፦ ጎበዝ ነህ። እኔ ይሄ መቼም አይመጣልኝ።

ሮስኮ፦ አንተማ አሁንም በሬዲዮህ ነህ። ማርቪን ግን ወዲያው ነው የገባው።

ዴልበርት፦ ማርቪን ፀጉር ቆራጩ? እሱም ልጅ አለው ኒው ጀርሲ?

ሮስኮ፦ ኧረ የለውም። የእኔኑ ቁጥር ሰጠሁት። ደግ ነኝ እኮ እኔ! ማርቪን ወንበሩ ላይ ለተቀመጠ ሁሉ ነገረ። ፓስተሩም ጠየቀኝ፣ ሰጠሁት።

ዴልበርት፦ ፓስተሩ?!

ሮስኮ፦ በጸሎት ስብሰባ መጨረሻ ላይ፣ በጆሮዬ። ከዚያ ሰው በየመንገዱ ሲያስቆመኝ ሰለቸኝና መመሪያ ጻፍኩ። «አንደኛ፣ እዚህ ተጫን። ሁለተኛ፣ ይህን ቁጥር ጻፍ። ሦስተኛ፣ ለማንም አትናገር።» ብዬ የእህል መጋዘኑ በር ላይ ለጠፍኩት።

ዴልበርት፦ በር ላይ ለጥፈህ ለማንም አትናገር?

ሮስኮ፦ ሰው ሁሉ ጨዋ ነው፣ አልተናገረም። ግን አነበበ። ከግማሽ በላይ አውራጃው ተመዝግቧል! እንኳን ካልደር፣ ገጠሩ ሳይቀር። የማርቪን አማች ለላሞቹ ነው የሚከፍትላቸው አሉ፤ ወተት ይጨምራሉ ብሎ።

ዴልበርት፦ ሁሉም በዌንዲ ቁጥር?

ሮስኮ፦ ሁሉም! ምን ያህሉ እንደሆነ አላውቅም እንጂ አንድ... አንድ ሦስት... (አፉን እንደከፈተ ይቀራል)

[ዴልበርት ጣቶቹን አንድ በአንድ እያጠፈ ያስባል። ሮስኮ ወረቀቱን ቀስ ብሎ ያነሳል፣ ያነባል፣ ያገላብጣል፣ ተገልብጦም ያነባል።]

ዴልበርት፦ ሮስኮ።

ሮስኮ፦ አትናገር።

ዴልበርት፦ እነዚያ ብሪክስቢዎች...

ሮስኮ፦ አትናገር አልኩህ!

ዴልበርት፦ እኛ ነን እንዴ?

ሮስኮ፦ (ዙሪያውን እየቃኘ) ቀስ በል! ግድግዳው ስስ ነው!

ዴልበርት፦ ወይ ጉድ! ስለዚህ ቴሌቪዥኑ ቆጠረ፣ ቆጠረና ዌንዲ ቤት አራት ሺህ ጃርት አገኘ። የዌንዲን ሰፈር ሊይዝ ነው ለቡድናችን ሠላሳ ሚሊዮን የሚከፍለው። እዚያ ደግሞ ከዌንዲ በቀር ማንም የለም፤ እሷም ፉትቦል አትወድም!

ሮስኮ፦ ራሴን አዞረኝ። ውሃ ስጠኝ። ውሃ!

ዴልበርት፦ ታዲያ ምን ያስጨንቅሃል? እሰይ በል እንጂ! ግባና ንገራቸው። «ብሪክስቢ የለም፣ ሁሉም እዚሁ ነው ያለው፣ ፎርሙን ያስሞላሁ እኔ ነኝ» በላቸው። ገበያው ባዶ መሆኑን ካወቁ ሊጉ ራሱ ግብዣውን ይተዋል። የባልዲው ጨዋታ ተረፈ፤ ላይልም ይመጣል!

ሮስኮ፦ አብደሃል? አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል! ማርቪን አለ፣ ፓስተሩ አለ፣ ሚስቴ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ናት! ስድስት ወር ሙሉ «የሸጠንን ሰው አደባባይ ላይ አቁሜ አሳያችኋለሁ» ስል ከርሜ፣ አሁን ገብቼ «ይኸው፣ እኔው ነኝ» ልበል? ሞቴን እመርጣለሁ!

ዴልበርት፦ ይስቁብሃል፣ ግን...

ሮስኮ፦ ሳቅ ብቻ? እስክሞት ድረስ «ብሪክስቢ» ነው ስሜ! መቃብሬ ላይ ነው የሚጽፉት!

ዴልበርት፦ ሮስኮ፣ እኔ በሕይወቴ ሁሉ ተስቆብኛል፤ አንተም ስቀህብኛል፣ ዛሬም ጭምር። ምንም አያደርግም። ወንድም ማጣት ግን ያማል። እባክህ ግባ። እለምንሃለሁ።

ሮስኮ፦ አልችልም ዴልበርት። በእግዜር ስም አልችልም።

[በሩ ወለል ብሎ ይከፈታል። ከውስጥ የሰው ጉምጉምታ ይሰማል። ጸሐፊዋ ዝርዝሯን ይዛ ትወጣለች፤ መነጽሯን የት እንዳስቀመጠች ጠፍቷት ወረቀቱን ከዓይኗ ጋር አጣብቃዋለች። ሮስኮ ንግግሩን ፊቱ ላይ ጋርዶ ከዴልበርት ጀርባ ይጠቀለላል።]

ጸሐፊዋ፦ ተራ ቁጥር ሰባት! አቶ ሮስኮ ቲልደን!

ሮስኮ፦ (በሹክሹክታ) የለም በላት!

ዴልበርት፦ (ብድግ ብሎ) የለም፣ እመቤቴ።

ጸሐፊዋ፦ የለም? ጠዋት ፈርሞ ነበር እኮ። የት ሄደ?

ዴልበርት፦ ኒው ጀርሲ ነው የሚኖረው። ቦርዱ ባደለን ወረቀት ላይ አለ።

ጸሐፊዋ፦ እና በእሱ ፈንታ የሚናገር ሰው አለ ወይስ ልለፈው?

ዴልበርት፦ እኔ አለሁ፣ አይለፉት። ሦስት ደቂቃም አይፈጅብኝ፤ አራቱን ሺህ የብሪክስቢ ሰዎች በየስማቸው አውቃቸዋለሁ፣ ብዙዎቹም እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠዋል።